ወተት የመሰለው ባሕር
በሶማሌ ጠረፍ ትይዩ የታየው የሌሊት ብርሃንና በመርከብ መዝገብ የሰፈረው ምስክርነቱ

በሐርጌሳ ከተማ፣ በሼክ ኑር የሚኖር ሰው ሌሊት ከደጁ ወጥቶ ቀና ሲል ከዋክብትን ያያል እንጂ ባሕርን አያይም። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደረቅ አምባ ላይ የተቀመጠች ናትና። ቢሆንም ቅሉ የሐርጌሳ ሰው ኑሮ ከባሕር የተለየ አይደለም። ሩዙና ስኳሩ፣ ጨርቁና ሲሚንቶው ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ 160 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ሽቅብ እየወጣ ይደርስለታል፤ በጉና ፍየሉ፣ ግመሉም በዚያው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዓረብ አገር ይሻገራል። ስለዚህ በዚያ ባሕር ላይ የሚደረገውና የሚታየው ነገር ነጋዴውንም የወደቡን ሹምም የሚመለከት ነው።

ከበርበራ የተነሣ መርከብ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ከተጓዘ በኋላ የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ የሆነውን ራስ አሲርን አልፎ ከሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ከብዙ ዘመን ጀምሮ መርከበኞች አንድ እንግዳ ነገር አየን እያሉ ሲያወሩ የኖሩት በዚህ ሰፊ ባሕር ላይ ነው። ይኸውም ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ሲያበራ አየን የሚል ነበር። የሰማው ሰው ሁሉ ግን ነገሩን ለመርከበኛ ወግ ይተወው ነበር።

የሊማ ሌሊት

እ.ኤ.አ. በ1995 ጃንዋሪ 25 ቀን፣ ይኸውም ጥር 17 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ሊማ የተባለች የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ከሶማሌ ጠረፍ በስተምሥራቅ 150 የባሕር ማይል፣ ማለት 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትጓዝ ነበር። ሰማዩ የጠራ ነበር፤ ጨረቃም አልወጣችም። ጊዜው በግሪንዊች 18 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ በአድማሱ ላይ ነጣ ያለ ጸዳል ታየ። መርከቢቱ ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዘች ዙሪያዋን በሙሉ ወተት በመሰለ ባሕር ተከበበች።

ብርሃኑ እንደ መብረቅ ብልጭ የሚል፣ እንደ ፋኖስም የሚርገበገብ አልነበረም። በሁሉም ቦታ መጠኑ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ሳይጠፋና ሳይደምቅ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ነበር። በመርከቢቱ ላይ የነበሩት ሰዎች በበረዶ በተሸፈነ ሜዳ ላይ ወይም በደመና ላይ የሚንሳፈፉ እስኪመስላቸው ድረስ ተደንቀዋል። ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርድ መንገደኛ ከነፋሲት በላይ ቆሞ፣ ጉም ሸለቆውን ሁሉ ሞልቶ ከእግሩ በታች ተኝቶ ያየ እንደሆነ፣ የሊማ ሰዎች ያዩትን በመጠኑ ሊገምት ይችላል። ልዩነቱ ጉሙ ብርሃኑን ከፀሐይ ወይም ከጨረቃ የሚቀበል ሲሆን፣ ያ ባሕር ግን የሚያበራው ከራሱ ውስጥ መሆኑ ነው።

የሊማ ሰዎች ነገሩን አድንቀው ብቻ አላለፉትም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መርከቢቱ የነበረችበትን ሥፍራ፣ የብርሃኑንም መልክ ለይተው ጻፉ። ይህ ተራ የሚመስል የመዝገብ ሥራ ከዓመታት በኋላ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረውን ጉዳይ ሊፈታ ነበር።

ከወሬ ወደ ማስረጃ

ወተት ስለ መሰለው ባሕር የሚነገረው ነገር በሊማ አልተጀመረም። ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1870 ታትሞ በወጣው በታወቀው የባሕር ሥር ጉዞ መጽሐፉ ላይ፣ ናውቲለስ የተባለችው የፈጠራ መርከብ በሕንድ ውቅያኖስ እንዲህ ካለው ባሕር ላይ እንደ ደረሰች አድርጎ ጽፏል። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1993 ከ1915 ጀምሮ ከመርከቦች የተላኩትን ቃሎች ሰብስበው 235 ያህል ምስክርነቶችን ዘርዝረዋል። ከእነዚህ የሚበዙት የታዩት በሕንድ ውቅያኖስ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ማለት በሶማሌና በዓረብ አገር መካከል ባለው ባሕር፣ እንዲሁም በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት አካባቢ ነው።

ይሁን እንጂ የሰው ቃል ብዛት ቢኖረውም በሳይንስ ሸንጎ ፊት ብቻውን አይበቃም። ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ብርሃኑ የሚታይበት ቀንና ሥፍራ አስቀድሞ አይታወቅም፤ የሚያየውም መርከብ መንገደኛ ስለሆነ ቆሞ አይመረምርም። ስለሆነም ሊቃውንቱ ምስክሩን ከሌላ ምስክር ጋር የሚያስተያዩበትን ዘዴ ሲሹ ኖሩ።

ዘዴው የተገኘው ከሰማይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአየር ጠባይን ለመከታተል ካመጠቃቸው ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች አንዳንዶቹ በሌሊት በጨረቃ ብርሃን ደመናን፣ እንዲሁም የከተሞችን መብራት የሚያዩ መሣሪያዎች ነበሯቸው። ስቲቨን ሚለር የተባለው ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቹ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ ወተት የመሰለውን ባሕር ሊያይ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው፣ ቀኑና ሥፍራው በትክክል የተጻፈ የመርከብ ቃል ይፈልጉ ጀመር። ያገኙትም የሊማን መዝገብ ነበር። የዚያን ሌሊት ሥዕል ከተቀመጠበት አውጥተው በጥንቃቄ ሲመረምሩት፣ መርከቢቱ በጠቀሰችው ሥፍራ ላይ አንድ የደበዘዘ የብርሃን ክልል አገኙ። መርከቢቱ ወደ ብርሃኑ የገባችበትና ከብርሃኑ የወጣችበት ሥፍራም በሥዕሉ ላይ ከሚታየው ዳርቻ ጋር የሚገጥም ሆነ።

ክልሉ በተከታታይ ሦስት ሌሊት፣ ከጃንዋሪ 25 እስከ 27 ቀን ድረስ ታይቷል። ስፋቱም 15,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገመተ፤ ይህም ከጣና ሐይቅ አራት እጥፍ የሚበልጥ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጊዜ የመርከበኞች ወግ ሲባል የኖረው ነገር በልክና በሥዕል የተረጋገጠ ጉዳይ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሰማዩ ሥዕል አሥር ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው እንኳ አላስተዋለውም ነበር፤ ወዴት መመልከት እንደሚገባ ያመለከተው በመርከብ ላይ የነበረ ሰው የጻፈው ጥቂት ቃል ነው።

ሁለት ዓይነት ብርሃን

በሌሊት የሚያበራ ባሕር ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ መርከበኛና ዓሣ አጥማጅ የሚያውቀው አንደኛው ዓይነት፣ ውኃው በቀዘፋ ወይም በመርከብ አፍንጫ ሲመታ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ የሚለው ነው። ይህን የሚያደርጉት ኖክቲሉካንና እርሱን የመሰሉ፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። ሲነኩ ያበራሉ፤ ሲተዋቸው ይጨልማሉ።

በዚህ ዓይነቱ ብርሃን በዓለም የታወቀው ሥፍራ በካሪብያን ባሕር፣ በፖርቶ ሪኮ ግዛት ባለችው በቪዬከስ ደሴት የሚገኘው ሞስኪቶ የተባለው ወሽመጥ ነው። አፉ የጠበበ፣ ዙሪያው በማንግሮቭ ዛፍ የተከበበ ስለሆነ፣ ፒሮዲኒየም የተባሉት ጥቃቅን ሕያዋን ወደ ውጭ ሳይወሰዱ ይራቡበታል። የጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2006 ከዓለም ሁሉ ይልቅ የሚያበራው ወሽመጥ ይህ ነው ብሎ መዝግቦታል። ጎብኚዎች ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በትንንሽ የቀዘፋ ጀልባ ይገቡበታል፤ ውኃው እንዳይበከልም መዋኘት ተከልክሏል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደሴቲቱን በመታ ጊዜ ወሽመጡ ጨልሞ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን ብርሃኑ ተመለሰ። በዚህም መሠረት ብርሃኑ የሚኖረው ጠባቡ አፍ፣ ዛፉና ጸጥታው ተጠብቀው ሲኖሩ መሆኑ ታውቋል።

ሊማ ያየችው ሁለተኛው ዓይነት ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ማንም ሳይነካው ያበራል፤ አይብለጨለጭም፤ ለሌሊቶች ይቆያል። ሊቃውንት እንደሚሉት ይህን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንድ ባክቴሪያ ብቻውን ሆኖ አያበራም፤ ብርሃን ማውጣት ብዙ ኃይል የሚጠይቅ ስለሆነ ብቻውን ቢያበራ ከንቱ ድካም ይሆንበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ አንድ ዓይነት ረቂቅ ንጥረ ነገር ወደ ውኃው ያወጣል፤ ቁጥራቸው ሲበዛ ያ ንጥረ ነገር በውኃው ውስጥ ይከማቻል፤ ክምችቱም ከተወሰነ ልክ ሲደርስ ሁሉም በአንድነት ማብራት ይጀምራሉ። ይህ ጠባያቸው በአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአገር ተረት በዚህ ረቂቅ ፍጥረት ላይም የተፈጸመ ይመስላል።

የሚያበሩበትን ምክንያት በሚመለከት በሊቃውንት ዘንድ የሚሰጠው ግምት፣ ብርሃኑ ዓሣን ስለሚስብ ነው የሚል ነው። ለሌላው ፍጥረት መበላት ጥፋት ነው፤ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ግን የዓሣ ሆድ ምግብ የሞላበት የተመቸ ማደሪያ ነው።

የባልዲው ምርመራ

ወተት ከመሰለው ባሕር ውስጥ ገብቶ በሳይንስ መሣሪያ የመረመረ መርከብ ብዙ አይደለም። ዋነኛው ምርመራ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1985 ዊልክስ በተባለች የአሜሪካ መርከብ ላይ በዓረብ ባሕር ነው። በዚያን ጊዜ ከተቀዳው ውኃ ውስጥ ቪብሪዮ ሃርቬዪ የተባለው የሚያበራ ባክቴሪያ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹም ባክቴሪያው ፌዮሲስቲስ በተባለ ዋቅላሚ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ሳይሆን እንደማይቀር አመለከቱ። ይህም ማለት ዋቅላሚው በባሕሩ ላይ በብዛት ሲፈላና ሲበሰብስ፣ ለባክቴሪያው መኖሪያም ምግብም ይሆነዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የተገኘው ምስክርነት ከተራ መንገደኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጃቫ ደሴት በስተደቡብ ከ100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ባሕር ለሳምንታት ሲያበራ፣ አዳዲስ ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች ሁኔታውን ከላይ ይመለከቱ ነበር። በዚያው ጊዜ ጋኔሻ የተባለች የግል የሸራ መርከብ በብርሃኑ ውስጥ አልፋለች። በላይዋ የነበሩት ሰዎች በባልዲ ውኃ ቀድተው ሲመለከቱት፣ በውስጡ ጸንተው የሚያበሩ ነጥቦች አዩ፤ ውኃውን ባማሰሉት ጊዜ ግን ነጥቦቹ ጨለሙ። ይህ ሲነካ ብልጭ ከሚለው ከመጀመሪያው ዓይነት ብርሃን ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። የጋኔሻ ሰዎች ያዩትና ያነሡት ፎቶግራፍ ከሰማዩ ሥዕል ጋር ተመሳክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል።

ነፋሱ፣ ንግዱና ብርሃኑ

በሶማሌ ጠረፍ ለሚኖር ሰው የዓመቱ ሥራ የሚታወቀው በነፋስ ነው። በክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ የባሕሩን ውኃ በጠረፉ ትይዩ ወደ ሰሜን ይነዳል፤ የላይኛው ውኃ ከጠረፉ ሲርቅም ከጥልቁ ቀዝቃዛና ምግብ ያለው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። በበጋ ደግሞ ነፋሱ ተመልሶ ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ፣ የባሕሩም ፍሰት አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ደቡብ ይሄዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት የበርበራ ታላቅ ገበያ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ይቆም የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ሳንቡቆቹ በአንዱ ነፋስ ይመጣሉ፤ ሌላው ብርቱ ነፋስ ሳይነሣም ይመለሳሉ።

ነጋዴውን ይመራ የነበረው ነፋስ ወተት የመሰለውን ባሕርም የሚመራ ይመስላል። የጥልቁ ውኃ ወደ ላይ ሲወጣ ዋቅላሚ ይበዛል፤ ዋቅላሚው ሲሞት ባክቴሪያው ይረባል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ የኮሎራዶ ተመራማሪዎች አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ከ400 የሚበልጡ ምስክርነቶችን በአንድ መዝገብ ሰብስበዋል። ጥናታቸውም የብርሃኑ መታየት በሕንድ ውቅያኖስ ምሥራቅና ምዕራብ መካከል ከሚፈራረቀው የሙቀት ለውጥና ኤል ኒኞ ከተባለው ሁኔታ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። እነዚህ ሁለቱ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናም መብዛትና ማነስ ላይም የሚሠለጥኑ ናቸው። የሐርጌሳው ከብት አርቢ ዝናም የሚጠብቅበት ሰማይና መርከበኛው ነጭ ብርሃን የሚያይበት ባሕር በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው ማለት ነው።

ከዚህም በቀር ጉዳዩ የገበያ ገጽ አለው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዓረብ ባሕር አረንጓዴው ኖክቲሉካ እየበዛ፣ ቀድሞ የዓሣ ምግብ መሠረት የነበሩትን ሌሎች ጥቃቅን ዕፀዋት እየተካ መሄዱ ተጠንቷል፤ በኦማን ጠረፍም ለዓሣ አጥማጆችና የባሕርን ውኃ ለሚያጣሩ ድርጅቶች የሚያሠጋ ሆኗል። ሌሊት በጀልባ ጎን የሚታየው ሰማያዊ ብልጭታ ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ ለዓሣ ነጋዴው የባሕሩን ሁኔታ የሚነግር ምልክትም ነው። ስለዚህ ሁለቱን ብርሃኖች ለይቶ ማወቅ ለዕውቀት ብቻ ሳይሆን ለሥራም የሚጠቅም ነው።

ያልተጻፈው ሌሊት

እስከ ዛሬ የተሰበሰበው መዝገብ አንድ ጉድለት አለው። የተጻፈው በአብዛኛው መዝገብ መያዝ ልማዳቸው በሆነ የውጭ አገር መርከቦች እንጂ፣ ባሕሩን ከአባት ከአያት ጀምሮ በሚያውቁት በጠረፉ ሰዎች አይደለም። መርከብ ባላለፈበት ሥፍራ ብርሃኑ ቢበራ እንኳ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት የባሕር ወንበዴዎች በሶማሌ ጠረፍ በበረቱ ጊዜ፣ የንግድ መርከቦች ከጠረፉ ርቀው መሄድን መረጡ፤ የምርምር መርከቦችም ወደዚያ ለመሄድ ተቸገሩ። ብርሃኑ አዘውትሮ ከሚታይባቸው ባሕሮች አንዱ በዚህ ሁኔታ ከሊቃውንት ዓይን ርቆ ቆየ።

ሰው ሠራሽ ጨረቃ ይህን ሁሉ ሊተካ አይችልም። ጨረቃ ስትወጣና ደመና ሲሸፍነው ብርሃኑን ለመለየት ይቸገራል፤ ውኃ ቀድቶም ሊመረምር አይችልም። ባሕሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቃት፣ ሽታ ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ ብርሃኑ በላይ ነበር ወይስ ከጥልቅ ይመጣ ነበር የሚለውን ሊናገር የሚችለው በላዩ ያለፈ ሰው ብቻ ነው። በሊማ ጊዜ እንደሆነው ሁሉ፣ የላዩና የታቹ ምስክር ሲገናኙ ነው ነገሩ የሚጸናው።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ወጪ እጅግ ጥቂት ነው። ነጭ ብርሃን ያየ የመርከብ ወይም የሳንቡቅ አዛዥ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ፤ ሥፍራውን ይጻፍ፤ ነፋሱ ከየት እንደ ነበረና ማዕበሉ ምን ያህል እንደ ሆነ ይጨምር። ከዚያም አንድ ባልዲ ውኃ ቀድቶ በጨለማ ያማስለው። ሲማሰል ብልጭ ካለ ኖክቲሉካ ወይም የእርሱ ወገን ነው፤ ጸንቶ ሲያበራ ቆይቶ ሲማሰል ከጨለመ ግን ወተት የመሰለው ባሕር ነው። የወደብ ሹም መርከቡ ሲገባ ስለ ጭነቱና ስለ ሰዎቹ ከሚጠይቃቸው ብዙ ጥያቄዎች ጋር ይህን አንዱን ቢጨምር፣ ከበርበራ እስከ ምጽዋ ባሉት ወደቦች ዛሬ በወሬ ብቻ የሚቀረው ሁሉ በመዝገብ ሊገኝ ይችላል።

በሼክ ኑር የተቀመጠው ሰው ያንን ብርሃን ከደጁ ሆኖ ከቶ አያየውም። ነገር ግን ስኳሩን ያመጣው መርከብ፣ በጉን የወሰደውም መርከብ፣ ሌሊቱን በዚያ ባሕር ላይ ያሳልፋል። በመርከቡ ላይ አንድ ነቅቶ የሚያድር ሰው አለ፤ በእጁም ብዕርና መዝገብ አለ። የሊማ ነገር የተረጋገጠው በዚህ ነው፤ የሚቀጥለውም የሚረጋገጠው ከዚህ በተለየ መንገድ አይሆንም።